የአንድ ዓመት ነርስ

አሜሪካ በፍሎረንስ ናይቲንጌል ዘዴ ነርስ ማስተማር የጀመረችው በ1873 ነው፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል፣ ኒው ሄቨንና ቦስተን ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ያቋቋመ ሁሉ ከጎኑ የነርስ ትምህርት ቤት ይከፍት ጀመር። ለትምህርት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ተማሪዋ እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ እየተሰጣት ዋርዱን ቀን ከሌት የምታንቀሳቅስ ሠራተኛ ነበረች። ሁለት ሦስት ዓመት ለፍታ ስትመረቅ ሆስፒታሉ አያስቀራትም፤ በምትኳ አዲስ ተማሪ ገብታለችና። ስለዚህ ተመራቂዋ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሰው ቤት ትሄዳለች፣ የታመመ ሀብታም አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ታስታምማለች፣ ዋጋዋንም በዚያው ልክ ትቆርጣለች።

ሀብታሙ በዚህ መንገድ ከፍሎ ይታከማል፤ ድሃውም ሲብስበት የበጎ አድራጎት ሆስፒታል አለለት። የተቸገረው መሃል ላይ ያለው ነው። ባለ ሱቁ፣ መምህሩ፣ አናጺው እናቱ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ ስትተኛ ወይም ሚስቱ ወልዳ ሰውነቷ አልነሳ ሲል ማንን ይጥራ? የሚጠራው ከሰፈሩ ሰው የሚያውቃትን ሴት ነበር። ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ ሕመምተኛ ማገላበጥ የለመደች ሴት ናት። ሾርባ ትሠራለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ሰው ሲሞትም ትገንዛለች። ፕራክቲካል ነርስ የሚባሉት መጀመሪያ እነዚህ ነበሩ። ወረቀት የላቸውም፣ አለቃ የላቸውም፣ ጥሩዋን ከመጥፎዋ የሚለይላቸውም አልነበረም።

ትምህርቱን ለእነዚህ ሴቶች ለመስጠት መጀመሪያ ያሰበው መንግሥት ሳይሆን ማኅበር ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ እኛ ወወክማ የምንለው ማኅበር የሴቶቹ አቻ፣ በባላርድ ትምህርት ቤቱ የሦስት ወር ያህል ኮርስ ከፈተ። ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ሕመም የቆየባቸውን ሰዎች በቤታቸው መንከባከብ ነበር ትምህርቱ። ምግብ ማብሰል ከነርስነቱ እኩል ቦታ ነበረው፤ ሕመምተኛ የሚበላው ካልተስማማው መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው ትምህርት ቤት የተወለደበት ታሪክ ከሸሚዝ ይጀምራል። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቶማስ ቶምፕሰን የሚባል ባለጸጋ ቨርሞንት ውስጥ ይኖር ነበር። የሠራዊቱን ሸሚዝ በእጃቸው የሚሰፉት ሴቶች ለደርዘኑ፣ ለአሥራ ሁለቱ ሸሚዝ ማለት ነው፣ አንድ ዶላር ብቻ እንደሚከፈላቸው ሰማ። ነገሩ ከልቡ ሳይወጣ ኖረና ሲናዘዝ እንዲህ ላሉ ሴቶች መርጃ ገንዘብ ተወ። ዓመታት አለፉ፣ ገንዘቡ ግን ነበረ። ኑዛዜውን የማስፈጸም ኃላፊነት የወደቀበት ሪቻርድ ብራድሊ ብራትልቦሮ ከተማን ዞር ብሎ ሲያይ ሁለት ችግር ጎን ለጎን ቆሞ አገኘ። በአንድ በኩል ሥራ የሚፈልጉ ሴቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ሙሉ ነርስ መቅጠር የማይችሉ ቤተሰቦች። በ1907 በዚያው ገንዘብ ሴቶቹን በአጭር ጊዜ አሠልጥኖ ወደየቤቱ የሚልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሟቹ ለሰፊዎች ያሰበው ገንዘብ ነርስ አፈራ። ሕግ አጥባቂ የኑዛዜ ጠበቃ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን ብራድሊ የሟቹን ቃል ሳይሆን ልቡን እንዳነበበ ይሰማኛል።

በዚህ መሃል ሙሉ ነርሶቹ በሕግ እየታጠሩ ነበር። ሰሜን ካሮላይና በ1903 የነርሶችን ምዝገባ በሕግ ስትደነግግ ሌሎቹ ግዛቶች ተከተሏት፤ ሬጅስተርድ ነርስ፣ ዛሬ በአጭሩ አርኤን የምንላት፣ ከዚያ መጣች። ለፕራክቲካል ነርስ የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው በ1914 ሚሲሲፒ ናት። ሌሎቹ ግዛቶች ግን ዓመታት ፈጀባቸው።

ከዚያ ሁለት መዓት በአንድ ላይ ወረደ። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ነርሶቿ ወደ ጦር ሠራዊቱ ሄዱ። በ1918 ደግሞ ኢንፍሉዌንዛው መጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 675,000 ገደማ ሰው ፈጀ። መድኃኒት በሌለው በሽታ ፊት የሚያድነው ውኃ የሚያጠጣ፣ ትኩሳት የሚያበርድ፣ አንሶላ የሚለውጥ እጅ ነበር፤ እጁ ደግሞ አልነበረም። በዚያው በ1918 ቦስተን የራሷን የቤት ነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በኋላ በሁለት መሪዎቹ ስም ሼፐርድ-ጊል የተባለው ነው።

የዚህን ሙያ ዕጣ የወሰነው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በየካቲት 1917 ስሚዝ-ሂዩዝ የተባለውን ሕግ ፈረመ። የፌዴራል መንግሥት ለእርሻ፣ ለእጅ ሙያና ለቤት አያያዝ ትምህርት ገንዘብ ለግዛቶች እንዲሰጥ የሚያዝዝ ሕግ ነው። ስለ ነርስ ተብሎ የወጣ አልነበረም፤ በሩ ግን ተከፈተ። በ1919 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጥ የመጀመሪያው የፕራክቲካል ነርስ ትምህርት ተጀመረ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። የሆስፒታሉ ትምህርት ቤት ተማሪዋን የሚያያት እንደ ሠራተኛ ነው፤ ዋርዱ ሰው ሲጎድለው ክፍለ ትምህርቱ ይታጠፋል። የሙያ ትምህርት ቤቱ ግን በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ነው፤ መምህሯ ደመወዟን የምታገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው፣ ተማሪዋም የሆስፒታሉ ጉልበት ሳትሆን የትምህርት ቤቱ ልጅ ናት። ከጎኗ ልብስ ስፌት የምትማር አለች፣ ከፍ ብሎ የጽሕፈት መኪና የምትማር አለች። ሦስት ዓመት ቁጭ ብላ መማር የማትችል ልጅ፣ ባሏ ጥሏት የሄደ እናት፣ ከፋብሪካ ወጥታ ሌላ ኑሮ የምትፈልግ ሴት ልትገባበት የምትችለው በር ይኸው ነበር።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከአልጋ ነው። ሕመምተኛ ተኝቶበት ሳለ አንሶላ መለወጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። ሕመምተኛው ወደ ጎን ይዞራል፤ የቆሸሸው አንሶላ እስከ ጀርባው ድረስ ይጠቀለላል፤ አዲሱ በባዶው ግማሽ ላይ ይዘረጋና ጫፉ ይሸጎጣል፤ ከዚያ ሕመምተኛው ጥቅልሉን ተሻግሮ ወደ ንጹሑ በኩል ይገለበጣል፤ የቆሸሸው ከማዶ ተስቦ ይወጣል፤ አዲሱ ይወጠራል። መጨማደድ የለበትም፤ አንድ የአንሶላ እጥፋት ለሳምንታት የተኛ ሰው ጀርባ ላይ ቁስል ያወጣል። ገላ ማጠቡም ሥርዓት አለው። የሚጀመረው ከዓይን ነው፣ ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ይታበሳል፤ ለሁለተኛው ዓይን የጨርቁ ሌላ ጠርዝ ይያዛል፣ የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው እንዳይሄድ። ከዚያ ፊት፣ ክንድ፣ ደረት፣ እግር። የሚታጠበው ቦታ ብቻ ይገለጣል፤ የቀረው ሰውነት ተሸፍኖ ይቆያል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ይለወጣል። ይህ ቅደም ተከተል ዛሬም አልተለወጠም፤ ተፈታኟ ዓይን ላይ ሳሙና ብታሳርፍ ዛሬም ነጥብ ይቀነስባታል።

ከዚህ ጅምር በኋላ ጎርፍ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። በ1930 በመላ አገሪቱ የነበሩት የፕራክቲካል ነርስ ትምህርት ቤቶች 11 ብቻ ናቸው። የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲመጣ ደግሞ ሰው ቤት እየሄዱ ይሠሩ የነበሩት ሬጅስተርድ ነርሶች ራሳቸው ሥራ ፈት ሆኑ፤ የሚከፍላቸው ሀብታም ራሱ ከስሯል። የራሱ ሥራ ያጣ ሰው በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራ ጎረቤቱን በደግ ዓይን አያይም። ግማሽ ትምህርት የተማረች፣ ነጭ ልብስ ለብሳ ሰው የምታደናግር፣ የሚል ወቀሳ በዛ። ወቀሳው ሁሉ ቅናት ነበር ማለት አይቻልም። ሦስት ወር የተማረችውም ምንም ያልተማረችውም አንድ ስም ይዘው ሲዞሩ ሕመምተኛው በምን ይለያቸው? ኒው ዮርክ በ1938 ያወጣችው ሕግ መልስ ለመስጠት የሞከረ ነው፤ በክፍያ ነርስ ሆና የምትሠራ ሁሉ፣ ሬጅስተርድም ሆነች ፕራክቲካል፣ ፈቃድ ታውጣ አለ። ሥራ ላይ ሳይውል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀደመው።

በ1941 የፕራክቲካል ነርስ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፐርል ሃርበር ተደበደበ፣ አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ገባች። በጦርነቱ ዘመን ከ50,000 በላይ ነርሶች የጦር ሠራዊቱን የነርስ ክፍል ተቀላቀሉ። መንግሥት በ1943 ካዴት ነርስ የሚባል ፕሮግራም አቋቁሞ በነጻ ቢያስተምርም ትምህርቱ በዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ሕመምተኛው ደግሞ ዛሬ ነው የተኛው። ትናንት «ግማሽ የተማረች» ያሏትን ሴት ሆስፒታሎቹ በር ላይ ቆመው ተቀበሏት። ፕራክቲካል ነርስ ከሰው ቤት ወጥታ ዋርድ ውስጥ የገባችው ያኔ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቤት ትመለሳለች የተባለችው ነርስ አልተመለሰችም፤ ምክንያቱም ዋርዱ ሰፋ። በ1946 ሂል-በርተን የተባለው ሕግ ለሆስፒታል ግንባታ የፌዴራል ገንዘብ አፈሰሰ፤ በየትንሹ ከተማ ሆስፒታል ቆመ። የሚወለደው ሕፃን በዛ። ሬጅስተርድ ነርሶች ግን ብዙዎቹ አግብተው ቤታቸው ገቡ። በ1948 ኤስተር ሉሲል ብራውን የነርስ ትምህርትን መርምራ ያወጣችው ጥናት ነርሶች ከሆስፒታል ሎሌነት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማሩ የሚል ነበር። ሬጅስተርድ ነርሷ ወደ ላይ ስትወጣ ታች የሚቀረውን ሥራ ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ራሱን መለሰ፤ ከ1948 እስከ 1954 ባሉት ዓመታት 260 አዲስ የፕራክቲካል ነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። አብዛኞቹ በሕዝብ የሙያ ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ነበሩ።

እስካሁን ስለነዚህ ሴቶች ሲወስኑ የቆዩት ሌሎች ናቸው፤ ሐኪሞች፣ ሬጅስተርድ ነርሶች፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች። በ1949 ሊሊያን ኩስተር የምትባል ፕራክቲካል ነርስ ፈቃድ ያላቸው ፕራክቲካል ነርሶች ብሔራዊ ፌዴሬሽንን መሠረተች። አባላቱ መምህራን ሳይሆኑ ራሳቸው ሠራተኞቹ ነበሩ። በ1955 ሁሉም ግዛቶች ለፕራክቲካል ነርስ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ነበራቸው፤ ከሚሲሲፒ 41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፈቃድ ያገኘችዋን ፕራክቲካል ነርስ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ብቻ በአጭሩ ኤልቪኤን አሏት፤ ሌላው አገር ሁሉ ኤልፒኤን። ሕጉ ሲወጣ የድሮዎቹን፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ሠርተው ያረጁትን፣ ልምዳቸውን አይቶ ያለ ፈተና ፈቃድ ሰጣቸው። ሙያው በእነሱ የተጀመረው እነዚያ የሰፈር ሴቶች በስተርጅና ወረቀት አገኙ።

የአንድ ዓመቱ ሥርዓተ ትምህርት መልክ የያዘውም በዚህ ጊዜ ነው። እንደ ትምህርት ቤቱ ቢለያይም፣ የተለመደው የመጀመሪያውን አራት ወር ያህል ክፍል ውስጥ ማሳለፍ ነበር፤ የሰውነት አሠራር፣ ሥነ ምግብ፣ ንጽሕና፣ የመድኃኒት ሒሳብ። የቀረው ስምንት ወር ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የእናቶችና የሕፃናት ክፍል። በሁለቱ መሃል ቆብ የመድፋት ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ ሻማ ይበራል፣ ቤተ ሰብ ይጠራል፣ መምህሯ ነጩን ቆብ ተማሪዋ ራስ ላይ ታኖራለች። አራቱን ወር ያልዘለቀች ቆብ አትደፋም፤ የመድኃኒት ሒሳብ ብዙዎችን እዚያ ላይ ነበር የሚያስቀራቸው። በ1956 ኮንግረስ ለዚህ ትምህርት ብቻ የሚውል ገንዘብ ለግዛቶች መደበ።

በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ደቡቡ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በተለያየ ትምህርት ቤት በሚማርበት ዘመን የነርስ ትምህርትም ከዚያ የተለየ አልነበረም። የሬጅስተርድ ነርስ ትምህርት ቤት በር ለተዘጋባቸው ጥቁር ሴቶች ግን ፕራክቲካል ነርስነት ከሰው ቤት ሠራተኝነት መውጫ ሆኖላቸዋል። የሙያው አሳዛኝም አኩሪም ገጽታ እዚህ ላይ አንድ ይሆናል፤ አነስተኛ ክፍያ ያለው ሥራ ስለሆነ ተለቀቀላቸው፣ ከተለቀቀላቸው በኋላ ግን ኑሯቸውን አቆሙበት።

በዚያው ዘመን፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ እጅ ነበረበት። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ለገጠር የሚያሠለጥን ነበር። አሜሪካኖቹም በአገራቸው ሆስፒታል ያኔ የያዙት ሐሳብ የቡድን ሥራ ነው፤ ኤሊነር ላምበርትሰን በ1953 ባሳተመችው መጽሐፍ አንዲት ሬጅስተርድ ነርስ ፕራክቲካል ነርሶችንና ረዳቶችን እየመራች የተወሰኑ ሕመምተኞችን እንድትይዝ የሚያደርገውን አሠራር አስፋፋች። ለኤልፒኤን ወርቃማ ዘመን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1965 ሁለት ነገር ሆነ። በሐምሌ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሕግ ሆነ፤ የሚታከም ሽማግሌና አሮጊት በብዙ ጨመረ፣ አስታማሚም በዚያው ልክ ተፈለገ። በታኅሣሥ ደግሞ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር አቋሙን አወጣ። ሙሉ ነርስ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ መካከለኛዋ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ትሠልጥን፤ የፕራክቲካል ነርስ ትምህርት ቤቶችም ቀስ በቀስ በኮሌጅ ትምህርት ይተኩ አለ። የማኅበሩ ክርክር እውነት አለበት፤ መድኃኒቱ በዝቷል፣ መሣሪያው ተወሳስቧል፣ አንድ ዓመት ይበቃል ወይ ማለት ያስኬዳል። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን አራት ዓመት ቁጭ ብላ የመማር አቅም ያላት ማን ናት የሚለው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ምት የተነሣው ከሚኒያፖሊስ መሆኑ ይገርማል። በ1969 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማሪ ማንቲና ባልደረቦቿ አዲስ አሠራር ጀመሩ፤ አንዲት ነርስ አንድን ሕመምተኛ ከገባበት እስኪወጣበት በራሷ ኃላፊነት ትይዛለች። ሕመምተኛው «ነርሴ ማን ናት?» ሲል የሚጠራው ስም አገኘ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ታሞ የተኛ ሰው ሁሉ ይመርጠዋል። ሆስፒታሎች ግን እንዲህ ያለውን ኃላፊነት የሚወስደው ሬጅስተርድ ነርስ ብቻ ነው ብለው ተረጎሙትና፣ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ኤልፒኤኗን ከዋርድ ማስወጣት ያዙ። የሙያ ትምህርት ቤቷ ነርስ የተወለደችበት ከተማ ከሆስፒታል የምትወጣበትንም ሐሳብ አፈለቀ። በ1987 ሰሜን ዳኮታ ኤልፒኤን ለመሆን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ግድ ነው እስከማለት ደረሰች፤ በ2003 ሕጉን ሻረችው፣ የተከተላት ግዛት አልነበረምና።

ከሆስፒታል የወጣችው ነርስ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ነርሲንግ ሆም የሚባለው፣ ገባች። በ1987 መጨረሻ ኮንግረስ በነርሲንግ ሆሞች በደል ላይ የወጣውን ሪፖርት ተከትሎ ጥብቅ ሕግ አወጣ። ረዳቷ፣ ሲኤንኤ የምንላት፣ ቢያንስ 75 ሰዓት ትሠልጥን፤ ሬጅስተርድ ነርስ በቀን ስምንት ሰዓት ትገኝ፤ በቀረው ሰዓት ሁሉ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ፈቃድ ያላት ነርስ አትጥፋ አለ። ፈቃድ ያላት ነርስ ከተባለ ኤልፒኤን ይበቃል። ሌሊቱ የእሷ ሆነ።

የእኛ ሰው የገባው በዚህ በር ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከሱዳን ካምፖች ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወደ አሜሪካ አመጣ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ዲቪ የሚባለው የቪዛ ዕጣ ተጨመረ። ብዙው የሰፈረው ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ሲያትልና ዳላስ ነው። አገሩ ላይ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ የነበረ ሰው በመጣ በሳምንቱ ምክር ይደርሰዋል፤ ምክሩ ከቤት ቤት ብዙ አይለይም። «እህቴ፣ መጀመሪያ ሲኤንኤ ያዢ፣ ወር አይሞላም። እሱን እየሠራሽ ኤልፒኤን ተማሪ፣ ዓመት ነው። አርኤኑ ይደርሳል።» ወንዱም ይኸው ይነገረዋል፤ ፓርኪንግ ላይ የጀመረው ብዙ ሰው ነርሲንግ ሆም ገብቶ ነው ቤት የገዛው።

ዓመቱ የሚመስለውን ያለፉበት ያውቁታል። የሌሊቱ ፈረቃ እስከ ንጋት ተሠርቶ፣ በቀጥታ ወደ ክፍል ይኬዳል። ልጆቹን አያት ወይም ጎረቤት ይዛለች። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ የፈተናው ጥያቄ ደግሞ ከመጽሐፉ ይብሳል፤ አራቱም መልስ ትክክል ይመስላልና «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ነው የሚለው። አገር ቤት የጎበዝ ተማሪ ሙያ ሸምድዶ መመለስ ስለነበር ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ብዙዎችን አንገዳግዷል።

የእጅ ትምህርቱ ላይ ግን የእኛ ሰው ይቀናዋል። ኢንሱሊን መቀላቀልን እንውሰድ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጥ አለ፣ አንዱ ጥርት ያለ ፈጥኖ የሚሠራ፣ ሌላው ድፍርስ ያለ ቀስ ብሎ የሚሠራ። ተማሪዋ የሁለቱንም ክዳን በአልኮል ትጠርጋለች፤ ድፍርሱን መዳፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች እንጂ አትንጠውም። በሲሪንጁ መጀመሪያ ወደ ድፍርሱ አየር ታስገባለች፣ ሳትቀዳ ታወጣዋለች። ከዚያ ወደ ጥርቱ አየር አስገብታ የታዘዘውን ትቀዳለች። ድፍርሱን የምትቀዳው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ አንድ ጠብታ ነው፤ ድፍርሱ ወደ ጥርቱ ብልቃጥ ከገባ ፈጥኖ መሥራት ያለበት መድኃኒት ይበላሻል፣ ሌሊት ስኳሯ የናረ አሮጊት ስትወጋበት የሚጠበቀውን አይሠራም። ቅደም ተከተሉን ያዛባች ተማሪ ክፍሉን ትደግማለች።

ፈተናው ራሱ ተለውጧል። ድሮ በዓመት ሁለት ጊዜ በወረቀት ይሰጥ ነበር፤ በ1994 ወደ ኮምፒውተር ገባ። ማሽኑ ተፈታኟ ስትመልስ ያከብድባታል፣ ስትስት ያቀልላታል፤ ማለፍ መውደቋን ሲያረጋግጥ በድንገት ይዘጋል። ከ2023 ወዲህ ጥያቄው ከ85 አያንስም፣ ከ150 አይበልጥም፣ ጊዜው 5 ሰዓት ነው። 85ኛው ላይ የተዘጋባት ሰው በጣም ጎበዝ ናት ወይም በጣም ደካማ፤ ውጤቱ እስኪመጣ የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። «ቦርድ ተፈተነች» ሲባል ዘመድ ሁሉ ስልክ ከመደወል የሚቆጠበው ለዚህ ነው።

በየካቲት 2020 ከሲያትል ማዶ ከርክላንድ ከተማ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ኮሮና ገባ፤ አገሪቱ ስለ ወረርሽኙ ገና አልነቃችም ነበር። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የእንክብካቤ ማዕከሎች ከ200,000 በላይ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ። ቤተሰብ መግባት በተከለከለበት ጊዜ ስልኩን ይዛ ወደ ሟቿ ጆሮ የልጇን ድምፅ ያስጠጋች፣ ጓንትና ጭምብል ሲያልቅ በያዘችው የቀጠለች፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ልብሷን ደጅ ያወለቀች ብዙ ጊዜ ሲኤንኤዋ ወይም ኤልፒኤኗ ናት፤ ከመካከላቸው አማርኛ ተናጋሪዎቹ ጥቂት አልነበሩም። ሆስፒታሎች ነርስ ሲያጡም ያስወጧትን ኤልፒኤን እንደገና መጥራት ጀመሩ፤ በቡድን እንሥራ የሚለው የ1953ቱ አሠራር አዲስ ስም ተሰጥቶት ተመለሰ።

ዛሬ በአሜሪካ ወደ 650,000 ኤልፒኤኖች አሉ፤ ከሦስቱ አንዷ ገደማ የምትሠራው በነርሲንግ ሆምና መሰል ማዕከሎች ነው። መካከለኛ ደመወዟ በ2023 በዓመት 60,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ የሬጅስተርድ ነርሷ ከ80,000 በላይ ነበር። በ2024 መንግሥት ለነርሲንግ ሆሞች የሠራተኛ ቁጥር ደንብ አወጣ። ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 3.48 ሰዓት የነርስ አገልግሎት ይሰጥ፤ ከዚህ 0.55ቱ የሬጅስተርድ ነርስ፣ 2.45ቱ የረዳት ይሁን አለ። የቀረው 0.48 ከማንኛቸውም ሊሞላ ይችላል። ኤልፒኤኗ በስሟ የተመደበላት አንድ ደቂቃ አልነበረም። ደንቡን በሚያዝያ 2025 የቴክሳስ የፌዴራል ዳኛ ሻረው። እሱ ሲቀር ለሌሊቱ ፈረቃ የሚጠቀሰው ያው የ1987ቱ ሕግ ሆነ፤ ፈቃድ ያላት አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ትገኝ ይላል፣ የአንድ ዓመቷም ትበቃለች።